የቁጡው ልብስ ሰፊ የመጨረሻ ላይቭ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከልብስ ስፌት ቤቱ የወጣው ጩኸት የመንገዱን ሰው በሙሉ ከየቤቱ አስወጣ። መርማሪዋ አሥር ሰዓት ላይ ስትደርስ በሩ ላይ ከተኮለኮለው ሕዝብ ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ስልኩን አንስቶ ይቀርፃል፤ እያለቀሰ የሚቀርፅም ነበር። «ዞር በሉ እስቲ! ምን ትርኢት አለ ብላችሁ ነው?» እያለች በክርኗ ገፍታ ገባች።

ሟቹ ከመጋረጃው ጀርባ ባለው የኋላ ክፍል፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር በጀርባቸው ተዘርረዋል። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ሜትር ከአንገታቸው ተለይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ጋሽ ሜትር» ይላቸው ነበር። በስልክ የሚያውቃቸው ሦስት መቶ ሺህ ሰው ግን «ቁጡው ልብስ ሰፊ» ነው የሚላቸው። ወፍራም ደንበኛ ሲመጣ «ላንተ ኮት ሳይሆን ድንኳን ነው የሚሰፋው»፣ ቀጭን ሲመጣ «ጨርቄን ከማባክን መጥረጊያ አለብሳለሁ» እያሉ በየቀኑ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በላይቭ የሚሳደቡ ሽማግሌ ነበሩ። መርማሪዋ ያንን ድምፅ በደንብ ታውቀዋለች። እንዴት እንደምታውቀው ግን ለማንም አልተናገረችም።

የጭንቅላታቸው ኋላ በጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ተመትቷል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና «ተገፍተው ነው የወደቁት» አለ። «ክንዳቸው ላይ የተጨበጠበት ምልክት አለ። ወዲያው ደግሞ አልሞቱም። ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም አንድ ሰዓት ቆይተዋል።»

«ቶሎ ቢደረስላቸውስ?»

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ይተርፉ ነበር» አለ።

የጮኸችው ዘምዛሚዋ ናት። የልብስ ጫፍ እየዘመዘመች፣ ቁልፍ እየተከለች አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው የሠራች፣ አንድ እግሯን ትንሽ የምትጎትት ሴት ነች። የፊተኛው ክፍል ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። መርማሪዋ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ሁለት የስፌት መኪና፣ የስልክ መቆሚያ፣ እጅና ጭንቅላት የሌለው ራቁቱን የቆመ የልብስ አሻንጉሊት አለ። በኋለኛው ክፍል የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የነጭ ክር ጭራ የተንጠለጠለበት ግራጫ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተዘርግቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአንድ መምህር ደንበኛችን ኮት ነው። ጠዋት ለክተው ሄዱና ፈታነው።»

«የተሰፋ ነገር ለምን ይፈታል?» ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም።

«ጥሩ ኮት እንደዚያ ነው፣ እትዬ። መጀመሪያ በነጭ ክር ይወሰወስና ይለበሳል። ስህተቱ ከታየ በኋላ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ እንደገና ይቆረጣል። መልሶ ኮት እስኪመስል ሁለት ቀን ይፈጃል።» ይህን ስትናገር ድምጿ ቀና አለ፤ ወዲያው አስከሬኑ ትዝ አላትና ተሸማቀቀች።

የነገሩ ክፋት ሰዓቱ ላይ ነው። ጋሽ ሜትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በላይቭ ሲሳደቡ ዘጠኝ ሺህ ሰው አይቷቸዋል። ዘምዛሚዋ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ የሕፃናት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለማድረስ ሄዳ ነበር፤ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመለስ ከምሳ ተመልሶ ሱቁ ፊት ለፊት የተቀመጠው ጫማ ጠጋኝ አይቷታል። የጮኸችው ግን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። በመሃል ወደ ሱቁ የገባ ሌላ ሰው የለም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምን ስታደርግ ነበር?

አርብ ጠዋት የሟቹ ልጅ በአባቷ ፔጅ ላይ እያለቀሰች አንድ ቪዲዮ ለቀቀች። «አባቴ የሞተ ዕለት አብራው የነበረችው አንዲት ሴት ናት። እኔ ምንም አልልም። እናንተ ፍረዱ።» ሕዝቡም ፈረደ። ዘምዛሚዋ ቤቷ የት እንደሆነ አንዱ ጻፈ፣ ሌላው ፎቶዋን ለጠፈ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ገዳይ» ተጽፎ፣ መስኮቷ ተሰብሮ፣ ደጃፏ ላይ ተተፍቶ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጇን የክፍሏ ልጆች በትምህርት ቤቱ በር ላይ ከበው ሲቀርጿት እያለቀሰች ተመልሳ መጣች።

አለቃው መርማሪዋን ጠርቶ «አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እሰሪያት» አላት። «ሕዝቡ ተቆጥቷል።»

«ሕዝቡ የት ቆሞ ሲያይ ነበር?»

«በላይቭ ነዋ! ላይቩን እንፈትሽ ብትዪም፣ የቴክኒክ ሰዎቹ ከየት እንደተላለፈ ለማጣራት አንድ ሳምንት ይፈጅብናል ብለዋል። እኔ ደግሞ አንድ ሳምንት የለኝም።»

አንድ ሳምንት የሌላት ዘምዛሚዋ ነበረች። ዛሬ ገዳይ ተብላ ከታሰረች፣ በኋላ ነፃ ናት ቢባል ማን ይሰማል? መርማሪዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ዘምዛሚዋን ያገኘቻት ደጃፏ ላይ ቀለሙን በብሩሽ ስትፈትግ ነው። ቀለሙ ሊለቅ አልቻለም።

«እህቴ፣ እቅጩን ንገሪኝ። ያን ግማሽ ሰዓት ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ቁጭ ብዬ ጫፍ ስዘመዝም ነበር።»

«እሳቸውን ሳታናግሪ? ለምን?»

ሴትየዋ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። «አኩርፌ ነዋ! ከሁለት ሳምንት በፊት በላይቭ ምን አሉ መሰለሽ? ‹የእሷ ዝምዝማት እንደ አረማመዷ ጠማማ ነው›። ልጄ ሳትቀር አየችው። አማቻቸው በካርቶን ላይ እየጻፈ ከስልኩ ኋላ ያቆምላቸዋል፣ እሳቸው ያነባሉ። ከዚያ በፊት ሰው አስቀይመው የማያውቁ ሰው ነበሩ እኮ። አንብበው ነው የተናገሩት፣ አውቃለሁ። አፉ ግን የራሳቸው ነው።»

«ሐሙስ ዕለትስ?»

«ጠዋት ‹ዛሬ አስታርቅሻለሁ ከራሴ ጋር፣ ስምንት ሰዓት ላይ እዪኝ› አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። ዩኒፎርሙን የተቀበሉኝ አስተማሪዎች ‹ዛሬም እየተሳደቡ ነው› ሲሉኝ ጭራሽ ባሰብኝ። ዘጠኝ ሰዓት ስገባ መጋረጃው ተዘግቷል፤ ተኝተዋል አልኩ። ‹መጣሁ› ማለት አቅቶኝ አይደለም። ራሳቸው ይጥሩኝ ብዬ ነው። ዝምታው ሲበዛብኝ ነው መጋረጃውን የገለጥኩት።» ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነች። «እዚያ ጋ ወድቀው እኔ ኩርፊያዬን እዘመዝማለሁ። ይሄ ቀለም ቢበዛብኝ ነው?»

መርማሪዋ ዞር ብላ፣ ከውስጥ ሆና በተሰበረው መስኮት አጮልቃ የምታየውን ልጅ ተመለከተች፤ ልጅቷ ወዲያው ዝቅ ብላ ተደበቀች።

ቀጥሎ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደች። የሒሳብ መምህሩ ከሁለት ወር በፊት ጋሽ ሜትር በላይቭ ሆዱን ለክተው «መቶ ሃያ! ይሄ ሆድ ነው ቀበሌ?» ብለው ያሳቁበት ሰው ነው። ከቪዲዮው ሥር «አንድ ቀን እጄ ትገባለህ» ብሎ የጻፈው እሱ ነበር።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አልክድም» አለ፣ በመምህራን ማረፊያው ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተማሪዎቼ ‹መቶ ሃያ› ነው የሚሉኝ። የአንድ ጥያቄ መልስ መቶ ሃያ ሲሆን ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ይፈርሳል። እንዳይመጣ ብዬ ጥያቄዎቹን በሙሉ ቀየርኳቸው።»

መርማሪዋ ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ጥርሷን ነከሰች። «ታዲያ ለምን ተመልሰው ኮት አሰፉ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት ሽማግሌው ቤቴ መጡ። በሬ ላይ ቆመው አለቀሱ። ‹ሰው ሳያይ ልለካህ፣ በገዛ እጄ ኮት ልስፋልህ፣ የይቅርታ ይሁንልኝ› አሉ። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ለካሁት። ስወጣ ‹ስምንት ሰዓት ላይ ስልክህን ክፈት። በሰደብኩህ ሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ› አሉኝ።»

«ከፈቱ?»

«ከፈትኩ። ያው ስድብ ነው። ‹ውሸታም ሽማግሌ፣ ቀባሪ አያግኝህ› ብዬ ዘጋሁት።» መምህሩ እጁን አገጩ ላይ አደረገ። «ሲነጋ ነው መሞታቸውን የሰማሁት።»

የሟቹ ልጅ ቤት ከሱቁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አማቹ በሩን ከፈተ፤ ጥቁር ልብሱ በደንብ የተተኮሰ፣ ዓይኑ ያበጠ፣ በሁለት እጁ ሁለት ስልክ የያዘ ወጣት ነው። ፔጁን የከፈተው፣ የሚቀርፀው፣ የሚያሰናዳው እሱ ነው።

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤት! ከሚስቴና ከሁለት ጓደኞቿ ጋር። ላይቩን አብረን ነው ያየነው፣ ጠይቂያቸው።»

ሚስቲቱ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እስክንፈርስ ነው የሳቅነው። እሱ ብቻ ስልክ ቻርጅ ላድርግ እያለ መኝታ ቤት ገባ ወጣ ይል ነበር።»

«ከስምንት ሰዓት በፊትስ?»

«ከስድስት ተኩል ጀምሮ ወጣ ብሎ ነበር። ስምንት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ተመለሰ። ለምን?»

«ልማዴ ነው።» መርማሪዋ ወደ ሟቹ ልጅ ዞረች። «ያን ቪዲዮ ለምን ለቀቅሽው?»

«ሰው ሁሉ ‹ማን ገደለው› ይለኛል! ምን ልበል?» አለች በቁጣ። «ደግሞ ስሟን አልጠራሁም።»

«አልጠራሽም። አድራሻዋን ግን አገር አወቀው።»

አማቹ የሐሙሱን ላይቭ ከፍቶ ሰጣት። መርማሪዋ ድምፁን ዘጋችና ሥዕሉን ብቻ አየች። አንዴ አየች፣ ደገመች፣ አቆመች። ከሽማግሌው ትከሻ በስተኋላ ያለውን በሁለት ጣቷ አስፍታ ስታየው ቆየችና «አሥር ሰዓት ላይ ሁላችሁም ሱቁ እንድትገኙ» ብላ ተነሳች።

አሥር ሰዓት ላይ አራቱም በፊተኛው ክፍል ተሰበሰቡ። ልጅቷና ባሏ በአንድ ወገን፣ መምህሩ በር አጠገብ፣ ዘምዛሚዋ እንደ ልማዷ መኪናዋ ኋላ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ዘምዛሚዋን ላለማየት ወለሉን ትመለከታለች።

«በሰዓቱ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሐኪሙ ከወደቁ በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ቆይተዋል ብሎናል። እኛ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በላይቭ ስላየናቸው፣ የወደቁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ብለን ደመደምን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ወይ እሷ ናት፣ ወይ ላይቩ ውሸት ነው።»

አማቹ ከት ብሎ ሳቀ። «ላይቭ እንዴት ውሸት ይሆናል? ላይቭ እኮ ነው!»

«እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።» ስልኩን ለዘምዛሚዋ አቀበለቻት። «ከኋላ አሻንጉሊቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ዘምዛሚዋ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «የመምህሩ ኮት። ውስወሳው ነጭ ክር ይታያል። እጅጌውም ሁለቱም ገብቷል።»

«እንደዚያ የሆነው መቼ ነው?»

«ረቡዕ ከሰዓት ነው የወሰወስነው። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ለበሱት። አራት ሰዓት ተኩል ላይ እኔው በምላጭ ፈታሁት...» ቆመች። ሌሎቹም የገባቸው ያኔ ነው።

«ስምንት ሰዓት ላይ ያ ኮት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቁርጥራጭ ነበር» አለች መርማሪዋ። «እኔ ስደርስም ቁርጥራጭ ነው፤ አሻንጉሊቱም ራቁቱን ነበር። ዘጠኝ ሺህ ሰው ያየው የረቡዕን ሽማግሌ ነው።»

«ሌላ ግራጫ ኮት ይሆናላ!» አለ አማቹ።

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔ ነው። ይህን የሚያህል ኮት ማን ያሰፋል? መቶ ሃያ የሚባለው እኔ ነኝ።» ሲናገር ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን ቀና ብሎ ነበር የቆመው።

«ሁለተኛው ነገር፣ ሽማግሌው ያን ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ ይቅርታ ሊጠይቁ ቃል ገብተው ነበር፤ ለመምህሩም ለእሷም። ቃላቸውን አጠፉ ብላችሁ ሁለታችሁም ቂም ያዛችሁ። አላጠፉም፤ ሰዓቱ ሲደርስ መሬት ላይ ወድቀው ነበር። ሦስተኛው...» መርማሪዋ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ሦስተኛው የእኔ ነው። ጋሽ ሜትር ሁልጊዜ የሚጽፍላቸውን ሰው በስሙ እየጠሩ ይመልሳሉ። ሐሙስ ዕለት ለማንም አልመለሱም። የማውቀው ስለጻፍኩላቸው ነው። ምሳዬን በልቼ ቢሮዬ ተቀምጬ ‹ጋሼ፣ አለቃዬን ስደቡልኝ› ብዬ ሦስት የሚስቅ ፊት ጨምሬ ላክሁ። መልስ ጠበቅሁ፤ ቀረ። ይህን ሐሙስ ማታ ለአለቃዬ ብነግረው ኖሮ ዛሬ ጠዋት የዚህች ሴት መስኮት አይሰበርም ነበር። አፈርኩና ዝም አልኩ።»

ዘምዛሚዋ ብቻ ቀና ብላ አየቻት።

«አንተ ስልክ እንጂ ልብስ አይተህ አታውቅም» አለች መርማሪዋ ወደ አማቹ ዞራ። «ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጨርቅ ያው ኮት መሆኑ በምን ይገባሃል? የዚህ ቤት ሰው ቢሆን ኖሮ አይስተውም ነበር። ስድስት ተኩል ላይ ወጥተህ የት ሄድክ?»

አማቹ ሁለቱን ስልኮች ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። መጀመሪያ ሚስቱን፣ ቀጥሎ በሩን አየ። በሩ ላይ መምህሩ ቆሟል፤ በዚያ ማለፍ የማይታሰብ ነው።

«ካርቶኑን አላነብም አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «‹ዛሬ የራሴን ነው የምናገረው፣ ከዚያ ፔጁ ይዘጋል› አሉኝ። ይዘጋል! እኔ ከዚያ በፊት ማን ነበርኩ? በመንገድ ሳልፍ ሰላም የሚለኝ አልነበረም። ስልኩን ልቀማቸው ስል ያዙኝ፣ ገፋኋቸው። አስቤ አይደለም።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሰባት ተኩል ገደማ።»

«ስትወጣ ይተነፍሱ ነበር?»

አማቹ ስልኮቹን ገልብጦ አስቀመጣቸው።

«ይተነፍሱ ነበር ወይ?»

«ያቃስቱ ነበር» አለ፣ ድምፁ እየጠፋ። «ቢነሱ ይናገራሉ ብዬ ፈራሁ። ቤት ሄጄ፣ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ለመጠባበቂያ ቀርፀን ያስቀመጥነውን ከኮምፒውተሩ ለቀቅሁት።»

ልጅቷ መጀመሪያ የሰማች አልመሰለችም። ከዚያ «እኔ እየሳቅሁ ነበር» አለች። «አባቴ እዚህ ያቃስታል፣ እኔ እዚያ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። አንተ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጠህ ስስቅ ታየኛለህ!» ልትመታው ተነስታ እጇ መንገድ ላይ ቀረ፤ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ወደቀች።

ፖሊሶች አማቹን ይዘውት ሲወጡ፣ ውጭ የቆመው ሕዝብ ስልኩን አነሳ። መርማሪዋ በሩን ዘጋችና ወደ ዘምዛሚዋ ሄደች።

«ስትገቢ ሞተው ነበር፣ እህቴ። ሰባት ተኩል ላይ ወድቀው እስከ ዘጠኝ አይቆዩም። ብትጠሪያቸውም አይሰሙሽም ነበር። ይሄን ከልብሽ አውጪው።»

ዘምዛሚዋ ራሷን ነቀነቀች። የሟቹ ልጅ ስልኳን አወጣች። «አሁኑኑ እጽፋለሁ። ንፁህ መሆንሽን፣ እኔ መሳሳቴን፣ ሁሉንም እናገራለሁ። ሦስት መቶ ሺህ ሰው ነው የሚያየው።»

«ተይው» አለች ዘምዛሚዋ።

«እንዴ! ይቅርታ ልጠይቅሽ እኮ ነው።»

«በሬ ላይ የተፉት በስልክ አልተፉም። በእግራቸው መጥተው ነው። አንቺም በእግርሽ ነይና ልጄን ይቅርታ ጠይቂያት።»

ስለዚህ ሄዱ። ዘምዛሚዋ እግሯን እየጎተተች ከፊት፣ የሟቹ ልጅ አንገቷን ደፍታ ከኋላዋ፣ መርማሪዋና መምህሩ ተከትለው። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ያወቋቸው ሰዎች እየቆሙ ያዩ ነበር፤ ከየሱቁ ስልክ ይዘው የወጡም ነበሩ። መርማሪዋ እንደ ሐሙሱ ዞር በሉ ለማለት አፏን ከፈተችና ሐፍረት ያዛት። በምን አፏ?

በሩ ላይ ደረሱ። ቀዩ ቀለም ሲፈተግ ተስፋፍቶ የበሩን ግማሽ ሸፍኖታል። ዘምዛሚዋ አንኳኳች።

«ማን ነው?» አለች ልጂቱ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ የኔ እናት። ክፈቺ። እንግዶች ይዤ መጥቻለሁ። ይቅርታ ሊጠይቁሽ ነው።»

በተሰበረው መስኮት በኩል ሁለት ዓይኖች ብቅ ብለው ተመለሱ። ልጂቱ የሟቹን ልጅ ለይታታለች፤ በስልክ ስታለቅስ አይታታለች።

«እየቀረፁ ነው?»

የሟቹ ልጅ አይደለም ልትል ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ከመንገዱ ማዶ ሰባት ስምንት ሰው ስልኩን አንስቶ ቆሟል። ያንን ሕዝብ ጠዋት ፍረዱ ብላ የጠራችው እሷው ናት።

«እማዬ፣ እነሱ መጀመሪያ ይሂዱ» አለች ልጂቱ። «ከዚያ እከፍትልሻለሁ።»

ዘምዛሚዋ ዞራ አየቻቸው። የሟቹ ልጅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ከደጃፉ ወረደች። መምህሩ ተከተላት። መርማሪዋ የመጨረሻዋ ነበረች። መንገዱን ተሻግረው፣ የሚቀርፁትን ሰዎች አልፈው፣ ማዕዘኑ ጋ እስኪደርሱ ድረስ የመቀርቀሪያ ድምፅ አልሰሙም።